በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ዋና

ዋና የጀመርኩት መዋኘት አምሮኝ አይደለም፤ ወንበር ፈርቼ ነው። ወንበሩ ያለው ዱራሜ፣ ታላቅ እህቴ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ነው። እህቴ እሱ ላይ ከተቀመጠች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ግራ ዳሌዋን ያማት ጀመር፤ ቀጥሎ ማነከስ መጣ፤ ከዚያ ምርኩዝ፤ ከዚያ ወንበሩ። እኔንም ግራ ዳሌዬን ሲጀምረኝ ለልጆቼ እንኳን ሳልናገር አንድ ዓመት አፍኜ ያዝኩት። ጫማዬ ነው አልኩ፤ ብርዱ ነው አልኩ፤ የምኖርበት የሆሳዕና ከተማ ብርድ ደግሞ ለማንኛውም ሰበብ ይመቻል። ሌሊት ግን ጎኔን መቀየር ሲያቅተኝ የማን እህት እንደሆንኩ አውቀዋለሁ።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት የትምህርት ቤቱ ደረጃ ሲያሸንፈኝ ነው። ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ሰባተኛው ደረጃ ላይ እግሬ አልነሳ አለኝ። ተማሪዎቹ በግራና በቀኝ እያለፉኝ «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» ይሉኛል። ስልኬን አውጥቼ መልእክት የማነብ መሰልኩ። ደወሉ ተደውሎ ኮሪደሩ ጭር እስኪል ድረስ የጠፋ ስልክ ሳነብ ቆየሁ።

ሐኪሙ ራጄን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና፣ «መገጣጠሚያው እያለቀ ነው» አለኝ። ጡንቻውን ማጠንከር እንዳለብኝ፣ መሬት ላይ ግን ክብደቴ እንደሚጎዳኝ፣ ስለዚህ ውኃ ውስጥ መሥራት እንዳለብኝ አስረዳኝ።

«የትኛው ውኃ?» አልኩት። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የውቅያኖስ ሞገድ ሳስተምር ኖሬ፣ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ የገባሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው።

«ዋና ይማሩ።»

«ባልማርስ?»

ራጁን ፖስታው ውስጥ መልሶ ከተተው። «ያው፣ እናያለን» አለ። እኔ የሚታየውን ነገር በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ዱራሜ እየሄድኩ ሳየው ኖሬያለሁ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ገንዳ ያለው ሆቴል አለ። አሰልጣኙ ስድሳን ያለፈ፣ ሀቢቾ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ለብዙ ዓመት በሬ ሲጠምድ ቆየ፤ ኋላ ሆቴሉ ለገንዳው ሰው ሲፈልግ እሱን አገኘ። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ቲቸር ይለኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ፀሐይ ውኃውን ትንሽ ስትነካው፣ እንድመጣ ነገረኝ።

ምን እንደምለብስ ሳስብ ሦስት ቀን ፈጀሁ። የዋና ልብስ የሚባለውን ሴት ልጄ ከሐዋሳ ልላክልሽ ስትለኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። በመጨረሻ የእሷን አሮጌ ታይትና የሟች ባለቤቴን ሰፊ ካናቴራ ለብሼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ውኃው ውስጥ ስገባ ካናቴራው አየር ሞልቶ ደረቴ ላይ እንደ ፊኛ ተነፋ። በረንዳው ላይ ምሳ ይበሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሹካቸውን አቁመው አዩኝ። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከአምልኮ ስንወጣ፣ አብራኝ መዘምራን ውስጥ የነበረች ሴት ክንዴን ይዛ «ሆቴል ታዘወትሪያለሽ አሉ» አለችኝ። «አዎ፤ ያውም በታይት» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ሰላምታዋ ቀዘቀዘ።

የመጀመሪያውን ወር የገንዳውን ጠርዝ ይዤ እግሬን ማራገብ ብቻ ነው የሠራሁት። ቀኙ ይታዘዛል። ግራው ወደ ታች ይሄዳል፤ ምንም ብለው አይሰማም። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ አይወጣም። ቤቴ ስገባ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው ብዬ እራሴን እሰድባለሁ። ደግሞ ወንበሩ ትዝ ይለኛል፤ ሐሙስ ተመልሼ እሄዳለሁ።

በሁለተኛው ወር በጀርባ መንሳፈፍ እንድማር ተወሰነ። ውኃው እስከ ደረቴ ነው። አሰልጣኙ መዳፉን ከወገቤ ሥር አድርጎ አስተኛኝ። «ዝም ብለው ይተኙ ቲቸር፤ አንገትዎን ይልቀቁ። አሁን እለቅዎታለሁ።» ለቀቀኝ።

እኔ ያን ጊዜ ያደረግኩትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቀላል። ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩ፤ አፌን ገጠምኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቀስ ብዬ ወደ ታች ሄድኩ። እዚያ ሆኜ መጠበቅ ጀመርኩ። አልተንፈራገጥኩም፤ መቆም እንደምችልም አላሰብኩም። ከላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ጠፍቷል። ጠበቅሁ። ደረቴ መቃጠል ሲጀምር እንኳን፣ አሁን ያነሱኛል እያልኩ ጠበቅሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ዱራሜ አጠገብ ወንዝ ውስጥ ስጠመቅ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ወደ ኋላ አጋድመው አጥልቀውኝ፣ መዝሙሩ ከዳር እየተዘመረ፣ ወዲያው ነበር ያወጡኝ። ውኃ ሥር ስለ መሆን የማውቀው ያንን ብቻ ነው። ሰውነቴ የሚያውቀውን አደረገ።

አሰልጣኙ ደግሞ ራሴ የምቆም መስሎት ይጠብቀኝ ነበር። ሲቸግረው በካናቴራዬ ያዝ አድርጎ ጎትቶ አወጣኝ። አስሎኝ፣ አስታውኮኝ፣ ጠርዙን ይዤ ቀረሁ።

«ምን ይጠብቁ ነበር?»

«እንዲያወጡኝ» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «ከእርስዎ በፊት ሦስት እናቶች አሰልጥኛለሁ» አለ። «ሦስቱም እጃቸውን አጣምረው ሰመጡብኝ። እኔም የተጠመቅሁ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። እዚህ አገር ሰው ውኃ ሲገባ የሚያወጣው አለ ብሎ ነው። እዚህ ግን ሽማግሌ የለም፤ ራስዎ ነዎት የሚነሱት።»

እንደ መማር ያለ ነገር ነበር። እንደ ቅጣትም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ወር ሙሉ ጀርባዬን ለውኃ ሰጥቼ መተኛት አልቻልኩም፤ ገና አንገቴ ሲነካው እጄ ወደ ደረቴ ይመጣል። እየተቆጣሁ እጄን ወደ ጎን እዘረጋዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል።

በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ ክፍሌን ወደ ምድር ቤት ሊያወርድልኝ እንዳሰበ ነገረኝ። ለደግነት ነው። አመስግኜው እምቢ አልኩ፤ ከቢሮው ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ደግነት የት እንደሚያደርስ አይቻለሁ። እህቴ እናታችን ከሞተች በኋላ እኛን አምስት ታናናሾቿን ያሳደገች ናት። ዳሌዋን ሲያማት ውለታዋን የምንመልስበት ቀን መጣልን ብለን ተሽቀዳደምን። በእኛ ቤት ታላቅ ቆማ ታናሽ መቀመጥ ነውር ነው፤ የታመመች ታላቅ ስትቆም ማየት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። መጀመሪያ ገበያ መሄዱን ወሰድንባት። ቀጥሎ እንሰት ለመፋቅ ስትነሳ «ተይ፣ ሰው ምን ይለናል?» ብለን ከእጇ ነጠቅናት። ቀጥሎ ከመኝታዋ እስከ ደጅ ያለችውን መንገድ፣ ደግፈን እየወሰድን፣ ወሰድንባት። ሐኪም አልነበረም ተቀመጪ ያላት፤ እኛ ነን። ወንበሩን፣ ትልቁን፣ ባለ ትራሱን፣ ከሆሳዕና ገዝቼ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ የወሰድኩላት ደግሞ እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ መርቆኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ አሰልጣኙ፣ «መንሳፈፉ እስኪመጣልዎት መገልበጥ ላስተምርዎት» አለኝ። ከመርከብ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው አለ፤ ከጀርባ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ጀርባ፣ መሬት ሳይነኩ መዞር። ትከሻ ይመራል፤ ዳሌ ይከተላል። የእኔ ዳሌ ግን የሚከተል ዳሌ አይደለም። ግማሽ እዞርና እዚያው እቀራለሁ፤ ውኃው በአፍንጫዬ ይገባል፤ እየተንደፋደፍኩ እነሳለሁ። ሰባት ሳምንት። አንድ ቀን ውኃውን በጥፊ መታሁትና «ተወኝ! አልችልም! በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሁን ብለህ ነው!» ብዬ አሰልጣኙ ላይ ጮህኩበት። እርስዎ ማለቱን እንኳን ረሳሁት።

ታገሰኝ። ከዚያ «ተማሪዎ እንዲህ ቢጮህብዎት ምን ያደርጋሉ?» አለ።

«ከክፍል አስወጣዋለሁ።»

«እኔ አላስወጣዎትም። እንደገና።»

ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ ሆነልኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ትከሻዬን ሰጠሁት፣ ዳሌዬ መጣ። ሰማዩ ጠፍቶ የገንዳው ሰማያዊ ወለል ታየኝ፤ እንደገና ዞርኩ፣ ሰማዩ ተመለሰ። እጄ ደረቴ ላይ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አደረግኩት። ከደስታዬ ብዛት ቆሜ ወደ ሌላው ጠርዝ መሄድ ጀመርኩ፤ መሐል ስደርስ ነው የገባኝ። አላነክስም። ሁለቱ እግሮቼ እኩል ይረግጣሉ። ውኃው እስከ ደረቴ ድረስ ይዞኛል፤ ሕመም የሚባል ነገር የለም። ከጠርዝ ጠርዝ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ከሕመሙ በፊት የነበርኩት ሴትዮ ሆኜ ተራመድኩ።

ከዚያ ልወጣ መሰላሉን ያዝኩ። ሁለተኛው ብረት ላይ ግራ እግሬ ከዳኝ። ውኃው ከወገቤ ሲወርድ ክብደቴ ሁሉ እንደ ድሮው ዳሌዬ ላይ ተጫነ፤ እንዲያውም የባሰ መሰለኝ። አሰልጣኙ ከላይ በብብቴ ይዞ ሳበኝ። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ፎጣዬን ለበስኩ።

ሐኪሙ አዲሱን ራጅ አይቶ ጡንቻው እንደጠነከረ፣ መገጣጠሚያው ግን ማለቁን እንዳላቆመ ነገረኝ። «ውኃውን ይቀጥሉ» አለ። እስከ መቼ ብዬ አልጠየቅኩትም።

በዚያው ቅዳሜ በአንጋጫ በኩል አድርጌ ዱራሜ ሄድኩ። እህቴ እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ናት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ልቤ ሞልቶ ስለነበር፣ በከምባትኛችን ሁሉንም ነገርኳት፤ እስከዚያ ቀን ዋና መጀመሬን እንኳን አላወቀችም ነበር። ስለ ካናቴራው ነገርኳት፤ እጄን አጣምሬ ስለ መስመጤ ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነው። ሳቋ ደስ ስላሰኘኝ የቀረውንም ጨመርኩላት፤ ውኃው ውስጥ እንደምራመድ፣ እንደማላነክስ፣ ምንም እንደማያመኝ።

ሳቋን አቆመች።

«ሁለቱም እግርሽ?»

«ሁለቱም።»

«ሰው ሳይዝሽ?»

«ማንም ሳይዘኝ።»

ወደ እግሮቿ ተመለከተች። የሱፍ ካልሲ አድርጋለች፤ በርጩማ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀና ብላ፣

«እኔንስ?» አለችኝ።

ዘጠኝ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ ገብቻለሁ። በየአስራ አምስት ቀኑ እዚህ ቤት መጥቼ፣ እዚህችው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድም ቀን፣ አንድም ጊዜ፣ እሷን መውሰድ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ውኃው የገባሁት ከእሷ ለማምለጥ ነበርና። ይሄንን ለእሷ ማለት አይቻልም። ያገኘሁትን ሰበብ አነሳሁ።

«መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው» አልኳት። «ለመውጣት በጣም ያስቸግራል።»

«ስለ መውጣት ማን ጠየቀሽ?» አለች።

ሚኒባሱ ያመልጠኛል ብዬ ተነሳሁ፤ ጉንጯን ሳምኳት፤ እሷም ሳመችኝ። ግራ እግሬን እየጎተትኩ ግቢውን አቋርጬ እስከ በሩ ስደርስ፣ ከመስኮቱ አካሄዴን ስታየው ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። አልዞርኩም።