የክንፏ መጋጠሚያ

ሰቆጣ አስተማሪ ሳለሁ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ግድም፣ አንዱን የክረምት ዕረፍት ሞተር የሌላት የእንጨት አውሮፕላን ስሠራ አሳለፍሁት። ራሴው ተሳፍሬ ከኮረብታ ላይ ልበርባት ነበር ሐሳቤ። ያኔ ትዳር አልያዝሁም፤ ተው የሚለኝ አልነበረም።

ክንፏ የሚለብሰው ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። ከወልድያ ሳስመጣው የአውቶቡሱ ረዳት ሙሉውን አልጭንም በማለቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ደረሰኝ። ጎረቤቴ የነበሩ ሽማግሌ አናጢ መላጊያቸውን ይዘው መጡ። የአንዱን ጠርዝ ከላይ፣ የሌላውን ከታች እያሳሱ ላጉት። ሲደራረቡ በጣት ቢዳሰስ እንኳ መጋጠሚያው አይለይም ነበር። ኮላውን ቀባንና እሳቸው እስኪደርቅ የሚጫነው ድንጋይ ፍለጋ ወጡ። እኔ ብልጡ ግን አከራዬ ለንግድ ያስቀመጡትን አሞሌ ጨው ተውሼ ደረደርሁበት። ጠፍጣፋ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሁሉም እኩል ነው። ድንጋያቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ሳቅሁባቸው።

በሦስተኛው ቀን ጨውን ሳነሣው ሥራው አምሮ ታየኝ። ሽማግሌው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ከዳሩ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ ልስበረው።»

«አባባ፣ ደህናውን ለምን ያበላሹብኛል?» አልኋቸው፣ ተናድጄ።

«እንጨቱ ከተሰበረ መጋጠሚያው ደህና ነው። ኮላው ከለቀቀ ግን የምትሰበረው አንተ ነህ።»

ፈቃዴን ሳይጠብቁ ቆረጡት። ጉልበታቸው ላይ ገና ጎበጥ ሲያደርጉት ያለ ምንም ድምፅ ለሁለት ተላቀቀ። ውስጡ እርጥብ ነበር። ጨው በክረምት ውሃ እንደሚያወጣ እዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር። እየቀለጠ ወደ መጋጠሚያው ገብቶ ኮላው እንዳይደርቅ አድርጎታል። ሽማግሌው መላጊያቸውን አንሥተው እንደገና ጀመሩ።

በዚህኛው ዙር በድንጋይ የተጫነውም ተራው ደርሶ ከዳሩ ተቆርጦ ተሰበረ። እንጨቱ ተቀደደ እንጂ መጋጠሚያው ንቅንቅ አላለም።

መስከረም ላይ ተማሪዎቼ በገመድ እየጎተቱ ከኮረብታው አስነሡኝ። ከሜዳው በላይ የአንድ ዛፍ ቁመት ያህል ብበር ነው፤ በደህና አረፍሁ። ዛሬ ልጆች አሳድጌ ይህን የምጽፈው በእሳቸው ነው፤ ውለታቸውን አስቤ አልጠግብም። ከሁሉ የማልረሳው ግን አየር ላይ ሳለሁ ወደ ታች ያየሁትን ነው። ያን መጋጠሚያ በገዛ እጃቸው የፈተኑት ሽማግሌ፣ ምናልባት ብወድቅ ሊቀልቡኝ፣ ጋቢያቸውን ዘርግተው ከሥሬ ይሮጡ ነበር።