ሚስማር ላይ የከረመው ቀበቶ

አይሊን ብሮደር ወደ ካራቴ ክለባችን የመጣችው ጥር ውስጥ ነው፤ ከተማችን ዱሉዝ በረዶ ስር ተቀብራ፣ እኔም የሰው ቤት ማሞቂያ ስጠግን ወገቤ ተቆርጦ በነበረ ሰሞን። ስድሳ ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ልጇ መንታ ስለወለደች ለማገዝ ኤስካናባ የሚባል ከተማ ያለውን ቤቷን ዘግታ መምጣቷ ነበር። በአንድ እጇ የስፖርት ቦርሳ፣ በሌላው በስጋና በድንች የታጨቀ ትኩስ ፓስቲ ይዛ ገባች። ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ እጅ ነሳች፤ ከዚያም ከቦርሳው አንድ ጥቁር ቀበቶ አወጣች። ከማርጀቱ ብዛት ጠርዙ ነጭ ሆኗል።

ማስተር ሮይ ቀበቶውን አየና አገጩን አከከ። ሮይ ሃካላ የክለባችን ባለቤትና አስተማሪ ነው። ቀን የከተማውን በረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ድሮ ዳቦ ቤት በነበረ አዳራሽ ውስጥ እኛን ያሯሩጠናል።

«ስንት ዓመት ፈጀብሽ?» አላት።

«ሃያ ሁለት።»

«አስተማሪሽ ማነው? ልደውልለት።»

«አርማንድ ይባላል። አምና ሞተ። ክለቡም አብሮት ተዘጋ።»

ሮይ በዚህ ጉዳይ አይቀልድም። አንድ ጊዜ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው ከሌላ ከተማ መጥቶ፣ እንዲያስተምር ተፈቅዶለት፣ በመጀመሪያው ሳምንት የአንዱን ተማሪ አፍንጫ ሰብሯል። በኋላ ሲጣራ ሰውዬው ቀበቶውን በፖስታ ነው ያስመጣው። ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ። ከሌላ ክለብ የመጣ ሰው ቀበቶውን በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ሦስት ወር ነጭ ታጥቆ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። በሦስቱ ወር ማንንም አያስተምርም፤ ካስተማረ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ቀበቶውን አጣጥፎ ውልቅ ይላል። እኔ ብሆን በሩን ወርውሬ ዘግቼ ነበር የምወጣው።

አይሊን ግን «እሺ ማስተር» ብላ ሰቀለችው። ፓስቲውንም ለሮይ ሰጥታው ከመጨረሻ ሄዳ ቆመች፤ ከስድስት ዓመቷ ቲሊ ጎን።

«ቀበቶሽ ተጣሟል» አለቻት ቲሊ ወዲያው።

«አመሰግናለሁ የኔ እመቤት» ብላ አይሊን አቃናችው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ደስ አይለኝም ግን ግድ ነው። ዌንዴል እባላለሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቁመቴም ጎኔም የበር ያህል ነው። በክለባችን ከብርቱካናማ ቀበቶ በኋላ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ በኋላ ሰማያዊ ይመጣል። እኔ አረንጓዴን ታጥቄ አላውቅም። አምና ለውድድር ቡድኑ ሰማያዊ ቀበቶ የታጠቀ አንድ ሰው ጎደለ። ሮይ ዙሪያውን ሲያይ እኔ ገና የክለቡን ማሞቂያ በነፃ ጠግኜ ከምድር ቤት መውጣቴ ነበር። «አንተ ግዙፍ ነህ፣ ትችላለህ» ብሎ ሰማያዊውን አስታጠቀኝ። ውድድሩ ላይ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፌ ተመለስኩ። ቀበቶው ግን ወገቤ ላይ ቀረ፤ እኔም አልጠላሁትም።

ችግሩ ካታው ላይ ነው። ካታ ማለት ብቻህን ቆመህ ከማይታይ ጠላት ጋር የምትጣላው፣ እያንዳንዱ እርምጃው አስቀድሞ የተወሰነ ጠብ ነው። በእያንዳንዱ ቀበቶ አንድ ካታ ትማራለህ። አራተኛውን የምትማረው አረንጓዴ ታጥቀህ ነው። እኔ ስለዘለልኩት አንዲት እርምጃውን አላውቅም። ታዲያ ሮይ «አራተኛው!» ብሎ በጮኸ ቁጥር እኔ ጆሮዬን ቀሰር አደርግና «ማሞቂያው ድምፅ እያሰማ ነው፤ አንዴ ልየው» ብዬ ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርኩ። ሮይማ አዲስ ማሞቂያ ስለመግዛት ማውራት ጀምሮ ነበር።

ይባስ ብሎ አይሊንን እንዳርም የተመደብኩት እኔ ነኝ። ምንጣፉ ላይ ሲሆን ዕድሜ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ቀበቶ ነው። እናም ያቺን የምታህል ሴትዮ «አንቺ፣ ጉልበትሽን እጠፊ!» እላታለሁ፤ እሷ «እሺ አቶ ዌንዴል፣ እንዳሉ» ትለኛለች። የእሷ ጉልበት ልክ እንደነበረና የኔ እንደማይታጠፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

የካቲት ላይ ሮይ «አራተኛው!» ሲል እንደ ልማዴ ወረድኩ። ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ አይሊን ከደረጃው ስር ብቅ አለች።

«ይኼ ማሞቂያ ነው የታመመው ወይስ አንተ?»

ከምንጣፉ ስንወርድ «አንተ» ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ «እርስዎ»።

«አይሊን፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሽንት ቤት ብዬ ነው የወጣሁት። አራተኛውን አታውቀውም አይደል?»

ፊቴ ቀላ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

«ለቡኒ ቀበቶ የምትፈተነው መጋቢት መጨረሻ ነው» አለችኝ። «ሮይ ከቡና ጣሳው ውስጥ የምትሠራውን ካታ ቁጥር እንድታወጣ ያደርግሃል። አራት ቢወጣስ? ያኔም ማሞቂያ ልታይ ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹን በአውቶቡሷ ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ የአውቶቡሶቹ ማቆሚያ ግቢ ቀጠረችኝ። አንድ ወር ሙሉ፣ በሁለት ቢጫ አውቶቡሶች መሃል፣ ቦት ጫማና ጃኬት አድርገን አራተኛውን ካታ አስተማረችኝ። ብትያዝ ቆጠራዋ ከአንድ እንደሚጀምር ነግሬያት ነበር። «አውቃለሁ፤ እግርህን ወደ ግራ» አለችኝ።

የመጨረሻው ምት ላይ አንድ ነገር ነበረ። ሌላው ሰው መትቶ፣ ጮሆ፣ እጁን ወዲያው ይመልሳል። እሷ ግን ጡጫዋን ትዘረጋለች፣ መዳፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ትስበዋለች፤ በር ቀስ ብሎ እንደሚዘጋ ሰው።

«ይቺ የአርማንድ ትከሻ ናት» አለችኝ። «ትከሻው ተጎድቶ እጁን ቶሎ መመለስ አይችልም ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ደግሞ የካታው ክፍል መስሎን ቀዳነው። ሲነግረን ዘጠኝ ዓመት አልፎናል፤ መተው አቃተን። አንተ ፈተናው ላይ እንዳታደርጋት።»

«ለምን እንደዚህ ይለፋሉ?» አልኳት። «ነጭ መታጠቁ አያናድድዎትም?»

ፓስቲ ገምሳ ሰጠችኝና አውቶቡሱን ተደግፋ ቆመች።

«ነጩ ምንም አይለኝም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አርማንድ የለም፣ ክለቡ የለም። ሮይ አይቶኝ ‹አዎ፣ ይህ ቀበቶ የእውነት ነው› ካላለ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴን የሚመሰክርልኝ ማነው? አንድ ሰው ብቻ ቢልልኝ ይበቃኛል።»

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከአይሊን ሦስት ወር የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ተማሪው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። እጄን ጣሳው ውስጥ ከተትኩ፤ አራት ወጣ። ከኋላ አንዱ «ማሞቂያው ደህና ነው ዛሬ?» አለና ሳቅ ሆነ።

ሠራሁት። እውነቴን ነው፣ አንዲት እርምጃ አልሳትኩም። የመጨረሻውን መትቼ ጮህኩ፤ ከዚያ እጄ በገዛ ፈቃዱ ተከፈተ። ቀስ ብዬ ሳብኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ነው የነቃሁት።

ሮይ ከወንበሩ ተነሳ።

«ይቺን ማን አስተማረህ?»

እውነቱን ብናገር የእሷ ቆጠራ ከአንድ ሊጀምር ነው፤ ኩራቴም እንዳይነካ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም።

«ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው ማስተር።»

ግድግዳውን ከተደገፉት መጨረሻ አንድ እጅ ወጣ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች አይሊን። «የአርማንድ ትከሻ ኢንተርኔት ላይ የለም።»

ቲሊ እንኳ አፏን ያዘች።

«ደንቡን ታውቂያለሽ» አለ ሮይ።

«አውቃለሁ ማስተር። ከዛሬ ጀምሮ ይቁጠሩልኝ።»

ዓይኗ ሚስማሩ ላይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ሰማያዊ ቀበቶዬን ፈታሁት።

«ማስተር፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ አያውቅም» አልኩ። «አራተኛውን ስለማላውቅ ነው ዓመቱን ሙሉ ምድር ቤት የከረምኩት። አረንጓዴውን ይስጡኝ። ውሸቱም የኔ ነው፤ እሷን ይተዉዋት።»

ሮይ ቀበቶዬን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«አንተ አልዘለልክም» አለ። «ያዘለልኩህ እኔ ነኝ፤ ካታህን ሳላይ። እሷን ደግሞ ካታዋን ሳላይ አወረድኳት።» ወደ አይሊን ዞረ። «ሦስት ወር ልይሽ ብዬ አስቀመጥኩሽ፤ አንድ ቀንም በደንብ አላየሁሽም። ነይ፣ አራተኛውን ሥሪልኝ። ከነትከሻው።»

አይሊን መሃል ወጣች። እንዴት እንደሠራችው ለመናገር አልችልም፤ የምጠግነው ማሞቂያ ነው። ስትጨርስ እጇ ቀስ ብሎ ሲመለስ ሮይ ትንፋሹን ይዞ እንደነበር ግን አይቻለሁ።

«የቀረሽ ሁለት ሳምንት ነው» አላት። «እሱን ጨርሺ። ያስተማርሽው እኔ ማስተማር የነበረብኝን ስለሆነ አይቆጠርብሽም።»

«እሺ ማስተር።»

ተሰለፍን። ሁልጊዜ ሮይ የሚቆመው በቀኝ ጫፍ፣ ከትልቁ ቀበቶ ፊት ነው፤ እጅ ነስቶ ያሰናብተናል። ያን ቀን ሰልፉን እስከ መጨረሻው ተራመደ። ቲሊን አለፈና ነጭ ከታጠቀችው አይሊን ፊት ቆመ። ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት። አይሊን መልሳ ዝቅ አለች፤ ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮይ ራሱ ቀበቶዋን ከሚስማሩ አውርዶ አስታጠቃት። «ይህ የእውነት ነው» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። ሚስማሩ አሁንም አለ። ግን አዲስ ሰው ሲመጣ ሮይ መጀመሪያ «እስቲ ሥራልኝ» ይላል፤ ያለ ካታ የሚዘል ሰው ደግሞ፣ የበር ያህል ቢሆንም፣ የለም።

እኔ አረንጓዴ ታጥቄ ወደ ሰልፉ መሃል ወርጃለሁ። አይሊን ከፊት ትቆማለች። ባለፈው ማክሰኞ ሮይ «አራተኛው!» ብሎ ሲጮህ ከሰልፉ ራስ ዘወር ብላ አየችኝ።

«ዌንዴል፣ ማሞቂያው እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳትና እግሬን ወደ ግራ አወጣሁ።