ከ97 ቀጥሎ ያለው ቁጥር

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቆቦ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አዲስ በተለሰነ ግድግዳ ፊት ነው። በሌሎቹ ግድግዳዎች ካርታና የሰውነት ክፍሎች ተስለዋል፤ የሒሳቡን ዳይሬክተሩ ለእኔ ሰጡኝ። የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ በመምህራን ስብሰባም ቃል ተንፍሼ አላውቅም። የመረጥኩት አንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ነበር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም እኩል የማይከፍለው። 1,000,001።

ሰዓሊው የአባቴ እኩያ የሚሆኑ የሮቢት ሰው ናቸው። ወረቀቴን አይተው ሳቁ።

"አንድ ሚሊዮን ፍየል ቢሆን እኮ ወንድማማች በሰላም ይካፈለው ነበር። ይቺ ትርፏ ናት የምታጣላቸው!"

"አዎ አባባ፣ እኩል አይካፈልም።"

"እርግጠኛ ነሽ ልጄ? የዘይት ቀለም ነው፤ ከደረቀ እኔም አልፍቀውም።"

"እርግጠኛ ነኝ" አልኩ። ከሁለት ጀምሬ እስከ 97 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍዬው፣ ሁሌም ትርፍ ነበረው።

ሰዓሊው ቦታ እንዳያንሳቸው መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ያስቀምጣሉ፣ ቀጥሎ መሐሉን ይይዛሉ። በግራ አንድ ጻፉ፣ በቀኝ አንድ። ከዚያ ልክ መሐል ላይ ዜሮ። ግድግዳው ላይ ለጊዜው የቆመው 101 ነበር።

ከ97 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 101 ነው። እኔ ግን መቶ ላይ ስደርስ በቃኝ ብዬ ነበር። እስከ ሺህ መሄድ ነበረብኝ፤ ሚሊዮን የሚሞላው ሺህ በሺህ ሲባዛ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዲት ልጅ ሙከራዋን በግማሽ ስላቆመች ነጥብ ቀንሼባታለሁ፤ ወረቀቷን የተቀበለችኝ አንገቷን ደፍታ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ለ101 አካፈልኩት። 9,901፤ ትርፍ የለውም።

"ይቁሙ" ማለት ነበረብኝ። ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ሰዓሊው ዜሮዎቹን ሞልተው ከስር "ብቸኛ ቁጥር" ብለው ጻፉ።

"አየሽ፣ እንደ ዋጃ መንገድ ቀጥ ብሏል!"

አመሰገንኳቸው።

ማታ ዳይሬክተሩ "ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይህንን ነው?" ሲሉኝ ይታየኛል። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ማንም ሳያውቅ መቅረቱ ነበር። ልጆቹ ግድግዳ አይጠራጠሩም። ያቺ ነጥብ የቀነስኩባትም ታምነዋለች።

ዓርብ ጠዋት መዝሙሩ አልቆ ዳይሬክተሩ ወደ ክፍል ሊያስገቡን ሲሉ፣ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

"ቲቸር ልትጠይቅ ነው!" አለ አንዱ ከሰልፉ፤ ሳቅ ሆነ።

ወደ ግድግዳው ሄጄ፣ ከቁጥሩ ስር በጠመኔ 101 × 9,901 ብዬ ጻፍኩ። "ተሳስቻለሁ፤ መቶ ላይ ቆሜ ነበር" አልኩ። ከኋላ ያሉት ስላልሰሙ ደገምኩት። ከዚያ ያቺን ልጅ ከሰልፉ ጠርቼ ጠመኔውን ሰጠኋት።

"አባዝተሽ አረጋግጪልኝ" አልኳት።