ከተከራካሪዬ ጋር የከፈትኩት ቢሮ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተሰጠኝ ሥራ መዝገብ መስፋት ነበር። ጋሼ ወርቅነህ ቀድሞ ዳኛ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ በአንዲት ክፍል ውስጥ ጥብቅና የሚሠሩ ሰው ነበሩ። መብሻውንና ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ዲግሪሽን አይቻለሁ፤ አሁን ክሱን፣ መልሱንና ማስረጃውን በቅደም ተከተል አድርገሽ ስፊ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ካባቸውን ይዤ ችሎት ተከተልኳቸው። ከኋላቸው ተቀምጬ ሲከራከሩ ሳይ ዋልኩ።

ጋሼ ወርቅነህ ዓይናቸው ሲደክም ቢሮውን ለእኔ አስረክበው ቤታቸው ገቡ። እኔም የጥብቅና ፈቃዴን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ለብዙ ዓመታት ብቻዬን ሠራሁ። በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራር ቀላል ነው። ደንበኛው በሰው በሰው ሰምቶ ይመጣል፣ ጉዳዩን ይነግረኛል፣ ክሱን እጽፋለሁ፣ ሬጅስትራር ሄጄ መዝገብ አስከፍታለሁ፣ ቀጠሮ እጠብቃለሁ። በከተማው ያለነው ጠበቆች ሁላችንም በስም እንተዋወቅ ነበር። ከእኛ ሌላ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ነበሩ። እነሱም የራሳቸው ደንበኛ ነበራቸው፤ እኛም የራሳችን።

ይህ ሁሉ የተለወጠው ቀስ እያለ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩትም። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ አዳዲስ የሕግ ምሩቃን ያወጣል። ሕጉ ጠበቆች ተሰባስበው በድርጅት መልክ እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ የጥብቅና ድርጅት ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ቢሮው ሊፍት ባለው ሕንፃ ላይ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ አለው፤ የእያንዳንዱ ጠበቃ ስም በሩ ላይ ተጽፏል።

አቶ ደሳለኝ የሕንፃ ተቋራጭ ሲሆኑ ከእኔ ጋር ረጅም ጊዜ የሠሩ ደንበኛ ነበሩ። አንድ ጠዋት መጡና ወንበር ሳይዙ ቆሙ።

«ሰብልዬ፣ አትቀየሚኝ» አሉኝ። «እነዚያ ሰዎች ዘንድ ስሄድ ለግብሩ አንድ ሰው፣ ለሠራተኛ ጉዳይ አንድ ሰው፣ ለውሉ አንድ ሰው አለ። ሁሉንም ጨርሼ እወርዳለሁ። አንቺ ዘንድ ስመጣ በሩ ላይ ‹ችሎት ነኝ› የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኛለሁ።»

«የበደልኩዎት ነገር አለ?»

«የለም። አንድ ሰው ነሽ፤ ሌላ ምንም አላልኩም።»

መዝገቦቻቸውን አስረክቤ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ገነጠልኩት። በማግስቱ ችሎት ነበረብኝና መልሼ ለጠፍኩት።

ሌላው ለውጥ ቋንቋ ነበር። የተወለድኩት ሐዋሳ ነው፤ አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሲዳሙ አፎ፣ የሲዳማን ቋንቋ፣ ለሰላምታና ለገበያ ያህል እሰማ ነበር። የክልሉ ፍርድ ቤቶች በሲዳሙ አፎ መሥራት ሲጀምሩ ግን ያ አልበቃኝም። አስተርጓሚ አጠገቤ እየቆመ በጆሮዬ ይነግረኛል፣ የምለውን ደግሞ ለዳኛው ይመልስልኛል። አንዳንድ የሥራ ጓደኞቼ ጓዛቸውን ሸክፈው አዲስ አበባ ገቡ። እኔም እንድሄድ የመከሩኝ ነበሩ። አልፈለግሁም። ያደግኩበት ከተማ ነው፤ ሥራዬም እዚህ ነው።

እማማ ዳንጊሴ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በፊት የገጠር እርሻ የነበረው ቦታቸው አሁን ከተማ ውስጥ ገብቷል። ዋጋው ሲወጣ የባላቸው ወንድም «መሬቱ የእኔ ነው፤ ለወንድሜ ያዋስኩት ነው» ብሎ ከሰሳቸው። እማማ ዳንጊሴ ከዚያ ቦታ ሌላ መድረሻ የላቸውም።

የከሳሹ ጠበቃ ማርታ ትባላለች። ሲዳማ ናት፤ ከእኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ ፈቃድ ካወጣች ገና ብዙም አልቆየችም። ችሎት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው የምትከራከረው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም።

ያቀረብኩት ዋና ምስክር ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ። የከሳሹና የሟች ባላቸው አባት መሬቱን እንዴት ለሟች እንዳስተላለፉ ጠየቅኳቸው። ረዘም አድርገው መለሱ። አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባቱ እንዲጠቀምበት ፈቀዱለት ነው የሚሉት» አለኝ። መጠቀም የተፈቀደለት ሰው ባለመሬት አይደለም። ምስክሩ የበለጠ ሳያበላሹብኝ ላስቆማቸው ብዬ «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» ልል አፌን ስከፍት፣ ከጎናችን ሆና ትርጉሙን የሰማችው ማርታ ተነሳች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ለጠበቃዋ የተተረጎመላቸው ምስክሩ ያሉት አይደለም። ይደገምላቸው።»

ዳኛው ከሚጽፉበት ቀና ብለው አስተርጓሚውን አዩት። ምስክሩ ደገሙት፤ ትርጉሙም ተስተካከለ። አባትየው መሬቱን ለልጆቻቸው አካፍለው ሲሰጡ እኝህ ሽማግሌ በቦታው ነበሩ። እኔም መጠየቄን ቀጠልኩ፦ ማን ማን ነበር፣ ወሰኑ በየት በኩል አለፈ፣ ከሳሹስ የራሱን ድርሻ ወሰደ ወይ? ሁሉንም መለሱልኝ።

ከችሎት ስንወጣ ከሳሹ በረንዳው ላይ ጠበቃውን ማርታን ይቆጣት ነበር። ምን እንዳላት የነገረችኝ በኋላ ነው። «የማን ጠበቃ ነሽ?» አላት። እሷም «የእርስዎ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሳይሰማ በቀረው ነገር ግን አላሸንፍልዎትም» አለችው። ሰውየው ወዲያው ሌላ ጠበቃ ያዘ።

ፍርዱ ለእማማ ዳንጊሴ ሆነ። የይግባኙ ጊዜ አልፎ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ከማርታ ጋር ስለ ምንም ነገር አልተነጋገርኩም፤ አግባብ አልነበረም። ሲዘጋ ግን በማግስቱ ቢሮዋ ሄድኩ። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ያላትን አንድ የእንግዳ ወንበር ለቅቃ አስቀመጠችኝ።

«አብረን እንሥራ» አልኳት።

«ከማን ጋር? ከእኔ ጋር?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «እትዬ ሰብለ፣ አስተርጓሚ ፈልገው ከሆነ ፍርድ ቤቱ አለው።»

ቃሏ ወጋኝ። የወጋኝም ግማሽ እውነት ስለነበረበት ነው። በልቤ ያሰብኩት እሷ ችሎት እንድትቆም፣ እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀምጬ እንድጽፍ ነበር።

«ስሙስ በማን ይሆናል?» አለች። «በእርስዎ ስም ከሆነ እኔ ተቀጣሪ ነኝ። መቀጠር ብፈልግማ የአዲስ አበባዎቹ ጠርተውኝ ነበር።»

«ለምን አልሄድሽም?»

«ደንበኛውን የማነጋግረው እኔ ነኝ፤ ፊርማው ግን የሌላ ሰው ይሆናል። ለዚያ አይደለም የተማርኩት።»

ሌላ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር። አልወጣሁም። እሷም ትንሽ አሰብ አድርጋ «እኔ ሰበር ችሎት አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም» አለችኝ። «ትልልቅ ውልም አርቅቄ አላውቅም። ያን ከእርስዎ እፈልጋለሁ። እርስዎም ከእኔ የሚፈልጉትን ራስዎ ይማሩት። አንድ ቀን እኔ ባልኖር ቢሮው በአስተርጓሚ አይቆምም።»

የተስማማነው በዚህ ነው፦ የድርጅቱ ስም የሁለታችንም አይሆንም፤ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የሠራው ሰው ይፈርማል፤ እኔ ደግሞ ሲዳሙ አፎ እማራለሁ።

አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እሄዳለሁ። ቋንቋው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ፊደሉ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ድምፁ ነው፤ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ሌላ ቃል ይሆናል። መምህሩ «ጠበቃ ነሽ፤ ለመናገር መቸኮል ለምደሽ ነው፤ ቀስ በይ» ይሉኛል። ለልምምድ እማማ ዳንጊሴ ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። እሳቸው አማርኛ እየቻሉ ለእኔ አንድም የአማርኛ ቃል አልተነፍስ አሉ። ስሳሳት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ከዚያ ትክክለኛውን እስክል ድረስ ያስደግሙኛል። የወሰን፣ የውርስ፣ የድርሻ ቃላትን ያወቅኩት ከሳቸው ነው። ሐላሌ የሚለውንም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌዎች ክርክር ሲያዩ የሚፈልጉት እውነት ማለት ነው።

ቢሮአችንን የከፈትነው ወደ ጉዱማሌ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፤ ምድር ቤት ነው። ኤልያስ የሚባል የግብር እና የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ሦስተኛ ሆኖ ተቀላቀለን። ከእኛ አንዱ ሁልጊዜ ቢሮ ይኖራል፤ በሩ አይቆለፍም። ደንበኛው ሲመጣ ጉዳዩ ምን ያህል ሥራ እንዳለውና ምን እንደሚያስከፍለው በዚያው ቀን ይነገረዋል። ማርታ ክስ ከመመሥረታችን በፊት ለሌላው ወገን ስልክ ደውለን እንድናነጋግረው ትወዳለች። እኔ ያደግኩት በክርክር ነውና መጀመሪያ ላይ እንደ ድክመት አየሁት። ብዙ ጊዜ ተጨቃጨቅን። እሷ ደውላ ጉዳያቸውን የጨረሰችላቸው ደንበኞች ሌላ ደንበኛ ይዘው ሲመጡ ሳይ ጭቅጭቁን ተውኩ።

አንድ የፔንሲዮን ባለቤት ስልኩ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈለትን ክስ ይዞ መጣ። ቋንቋው ያማረ ነው። አነበብኩና «ይሄ አንቀጽ ሕጉ ውስጥ የለም» አልኩት።

«ስልኩ ግን አለ ብሏል።»

የሕጉን መጽሐፍ ከፍቼ አሳየሁት። ገጹን አገላብጦ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ያን ቀን ሦስታችን ተነጋግረን አዲስ አገልግሎት ጀመርን፤ ሰው ራሱ ያጻፈውን ይዞ ሲመጣ ከማባረር ይልቅ አይተን እናርምለታለን።

የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛችን የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ገዢው ኩባንያ በውሉ መሠረት ቡናውን ሳይረከብ ቀርቶ ማኅበሩ ከሰሰው። የኩባንያው ጠበቆች እነዚያው የአዲስ አበባዎቹ ናቸው። ጉዳዩን የያዘችው ማርታ ስትሆን ነፍሰ ጡር ነበረች። ክርክሩ ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት። ደህና ወለደች፤ ችሎት መቆም ግን አትችልም። ኤልያስም ሲዳሙ አፎ አይችልም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደውለው «ቀጠሮ እናስለውጥ?» አሉኝ። ቡናው ግን መጋዘን ውስጥ ነበር፤ በቆየ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል።

«አይለወጥም፤ እኔ እቆማለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ አስተርጓሚው እንደ ልማዱ ወደ እኔ ሲመጣ በእጄ መለስኩት። የኩባንያው ጠበቃ ዞር ብሎ አየኝ። ጀመርኩ። ገና መግቢያው ላይ «መረከብ» የሚለውን ቃል አበላሽቼ አልኩትና ከኋላ የተቀመጡት የማኅበሩ አባላት ሳቁ። ዳኛውም ፈገግ ብለው አረሙኝ። የታረመውን ደግሜ ተናገርኩና ቀጠልኩ። ሌላም ቦታ ታረምኩ፤ ሌላም ቦታ ደገምኩ። ወደ ውሉ አንቀጾች ስደርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም። የኩባንያው ጠበቃ በአስተርጓሚ መልስ ሲሰጥ ዳኛው እኔን እንደጠየቁኝ ሁሉ እሱንም በረጅሙ ጠየቁት። እሱም ወረቀቱን እያገላበጠ «ኩባንያውን ጠይቄ እመልሳለሁ» አለ።

ከችሎት ወጥቼ ለማርታ ደወልኩ።

«ምን ሆነ?» አለች፤ ከስልኩ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ዳኛው አረሙኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«መቁጠር ተውኩ።»

«ነገሩስ ገባቸው?»

«ገባቸው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?»

ከፍርዱ በፊት ኩባንያው ዕርቅ ጠየቀ። ቡናውን ተረከበ፤ ለመዘግየቱም ካሰ። የማኅበሩ ሊቀመንበር የሚቀጥለውን ዓመት ውል በሁለቱም ቋንቋ እንድናዘጋጅ ሥራውን ለእኛ ሰጡን። አማርኛውን ማርታ ጻፈች፣ ሲዳሙ አፎውን እኔ። ከዚያ ተለዋውጠን አረምን። በእኔ ጽሑፍ ላይ ያለው ቀይ እርማት በእሷ ላይ ካለው ይበዛ ነበር።

የሕግ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ለመጀመር ወደ ቢሮአችን የሚመጡ ወጣቶች እንዴት በእግራችን ልንቆም እንችላለን ብለው ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ብቻችሁን አትሥሩ። አብራችሁ የምትሠሩት ሰው እናንተ የማትችሉትን የሚችል ይሁን፤ ስትሳሳቱም ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ይሁን። ደንበኛችሁ የሚናገርበትን ቋንቋ ተማሩ። እኔ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ቢሆንም ለሥራው ደርሷል።