የሸንቃጣው ዓለምሰገድ ሚስት

ሴትዮዋን ፅጌ አይታት አታውቅም። ከሎስ አንጀለሱ ቫን ናይስ ሰፈር ከልጇ ጋር ምሳ ልትበላ የመጣች፣ ጠጉሯን ተሠርታ ሽክ ያለች ሴት ናት። ፅጌም ከማዕድ ቤት ብቅ ያለችው አስተናጋጇ እጅ ስላጠራት በያይነቱን ራሷ ልታደርስላቸው ነው። ትሪውን አስቀምጣ ቀና ስትል ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻት።

"ይቅርታ፣ አንቺ የሸንቃጣው ዓለምሰገድ ባለቤት አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ" አለች ፅጌ ፈገግ ብላ። ምግቡ ሊመሰገን ነው መስሏታል።

"እባክሽ እህቴ፣ ሰውየውን አትግደዪው። ስለ ፈጣሪ ብለሽ ዘይቱን ቀንሺለት።"

ልጅቷ በኀፍረት ቀልታ "ማሚ፣ ፕሊስ!" አለች። በጎን የተቀመጡት ዞረው አዩ። ፅጌ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች። አብራት የምትሠራው ሣህሊቱ ሽንኩርት እየከተፈች "ምን ሆነሽ ነው?" ብትላት "ባሌን የምገድለው እኔ ነኝ አሉ" ብላ ቢላዋውን አነሣች። ሣህሊቱ ሽንኩርቷን ይዛ ፈቀቅ አለችላት።

ፅጌን ለማያውቃት ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ሎስ አንጀለስ ስትገባ ከናይሮቢ ይዛው ከመጣችው አንድ ሻንጣ በቀር ምንም ያልነበራት ስደተኛ ናት። ሎንግ ቢች ውስጥ የሆስፒታል ወለል ስታጸዳ ከርማ፣ የአሥራት ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ታምማ "ለአንድ ቅዳሜ ብቻ" ተብላ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደተደረደሩበት ፌርፋክስ መጣች። ያ ቅዳሜ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሠርግ ሲደገስ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ወይም ሲመረቅ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ፅጌ ናት የምትሠራው?" ብሎ ነው። ናት ከተባለ እንግዳው በሰዓቱ ይገኛል፤ ለሐበሻ ግብዣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት አልገዛችም፣ ልጅም አልወለደችም። ያላት ስሟ ነው። እንግዲህ ያንን ስም ነው ባሏ ለማያውቁት ሰዎች በስልክ የበተነባት።

ዓለምሰገድ ሲያገባት ቀበቶው የሚዞረው ሁለቴ ነበር። ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው የሚወደው ሾፌር ነው። ካገባት በኋላ ፊቱ ሞላ፣ ሸሚዙ ጠበበው። ያኔ ታዲያ ያየው ሁሉ "ትዳር ተስማምቶታል!" ይል ነበር። "ፅጌ አሳመረችው!" ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ሆዱን መታ መታ እያደረጉ እሷን ይመርቃሉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላት ነበር። ዛሬ በስድብ የሚያጥረገርጓት እነዚያው መራቂዎች ናቸው።

ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንስ ሲለው ሌላ ሰው ቢሆን ይቀንሳል። ዓለምሰገድ ግን ቻናል ከፈተ። ስሙንም "ሸንቃጣው ዓለምሰገድ" አለው። ያን ሁሉ ሰውነት ይዞ ሸንቃጣው! ሰው ሳቀ፣ ወደደውም። "ሰላም የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ቀን አንድ ነው! አብረን ነው የምንቀለው!" ሲል ከካናዳ እስከ ቤይሩት ያለ ሐበሻ ሰብስክራይብ አደረገ። ስንቷ ሴት ከእሱ ጋር ጫማዋን አሥራ በእግር መሄድ ጀመረች መሰላችሁ።

ከዚያ ይጠፋል። ሲመለስ ጨምሮ ይመለሳል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ትንሽ ቢዚ ሆኜ ነው ቤተሰብ፤ ዛሬ ቀን አንድ ነው!" ይላል። አንድ ሰሞን ሎሚና ሙቅ ውሃ፣ ሌላ ሰሞን እንጀራ እርም፣ ደግሞ ሌላ ሰሞን ከቀትር በፊት እህል አልቀምስም። የሁሉም መጀመሪያ ተቀርጿል፤ የአንዱንም መጨረሻ ያየ የለም። ተመልካቹ መጀመሪያ አጽናናው፣ ቀጥሎ ቀለደበት፣ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። "ወንድሜ፣ ቀን ሁለት የት ገባ?" አለ አንዱ። አንዷ ደግሞ "እኔ ካንተ ጋር ጀምሬ፣ አርግዤ፣ ወልጄ፣ መልሼ ቀነስኩ። አንተ ገና ቀን አንድ ነህ" አለችው። "ወይ ሚዛኑን አሳየን፣ ወይ አፍህን ዝጋ" ያለውም ብዙ ነው። ሰዎቹ ልክ ነበሩ። ፅጌ ራሷ ያን ጊዜ ብትጽፍ ከዚህ የባሰ ነበር የምትጽፈው።

መውጫ ሲያጣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሆዱን እየዳበሰ፣ እየሳቀ፣ "ቤተሰብ፣ እስቲ ፍረዱኝ፤ ባለቤቴ እኮ እጇ የሚያስቆረጥም ባለሙያ ናት። ቤት ስገባ ወጡ ይጠብቀኛል። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ!" አለ።

በቃ። የንዴት ጎርፍ አቅጣጫውን ለወጠ። "አሃ፣ ለካ ሚስቲቱ ናት!" "ቅቤ እየጋተች ነው የምታደልበው።" "ሕይወቱን ኢንሹራንስ አስገብታ ይሆናል፣ ይጣራ።" ይህን ሁሉ ፅጌ ያነበበችው ሴትዮዋ ዘይት ቀንሺ ባለቻት ዕለት፣ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው። ቤቷ ያለበት ፓልምስ እስክትደርስ አንጀቷ አርሮ ነበር።

እንዲያው በሞቴ፣ የቱ ቅቤ? ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆማ፣ እግሯ አብጦ ቤት ስትገባ ለእሱ ብቻ ሌላ ድስት የምትጥድ ሴት ናት። ያለ ዘይት፣ ጨው የቀለለ፣ ሐኪሙ እንዳለው። ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ ፍሪጅ ታስገባለታለች፣ ጠዋት ይዞት ይወጣል፣ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ሲመለስ ደስ እያላት ታጥበዋለች።

ያን ዕለት በሩን ሲከፍት ቆማ ጠበቀችው።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው" አለችው። "ካሜራህን ክፈትና 'ያወፈረኝ ፅጌ አይደለችም' በል። ሌላ ምንም አልልህም።"

"ፅጌዬ፣ ጆክ እኮ ነው። ሰው ጆክ አይገባውም እንዴ?"

"እኔ የምሠራበት ድረስ መጥተው ነው ገዳይ የሚሉኝ! አሥራት እንኳ ዛሬ 'ፅጌ፣ ለጥቂት ቀን ወደ ሳሎኑ ባትወጪ' አለኝ። የሠራሁትን ምግብ ራሴ እንዳላቀርብ! ገባህ?"

"ኦኬ፣ ኦኬ። ነገ እለዋለሁ።"

ነገን ታውቀዋለች። ቢሆንም ጠበቀች። በማግስቱ ቪዲዮው ወጣ፤ ሣህሊቱ ስልኳን ከፍታ አሳየቻት። ዓለምሰገድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ፊቱን አሳዝኖ፣ "ቤተሰብ፣ ኮሜንታችሁን ሰምቻለሁ። ሶ፣ የፊታችን እሁድ ከሰዓት ባለቤቴ ራሷ ላይቭ ትቀርባለች። አብረን ቃል እንገባላችኋለን። ለቤታችን አዲስ ቀን አንድ ነው!" ይላል። ፅጌ ደሟ ፈላ። ንጹሕ ነሽ ይበለኝ ብላ ብትለምነው፣ ንስሐ ልትገባ ነው ብሎ ለአገር አወጀባት።

"እንዳትቀርቢ" አለቻት ሣህሊቱ።

"አልቀርብም። ምን በወጣኝ!"

አልቀርብም እንዳለች ቅዳሜ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ቶማስ መጣ። ቶማስ ከዓለምሰገድ ጋር ኤርፖርት ወረፋ የሚጠብቅ ወንደላጤ ሾፌር ነው። ምሳውን በልቶ ሲያበቃ በማዕድ ቤቱ በር አንገቱን አስግጎ "እትዬ ፅጌ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለ። ሱሪው ወገቡ ላይ ሰፍቶታል፣ ፊቱ ጠርቷል።

"ለምኑ?"

"ለጎመኑ፣ ለምስሩ፣ ለሁሉም ነዋ! ያንቺን ምግብ መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ሐኪሜ ራሱ ገርሞታል። ጋሽ ዓለምሰገድ በየቀኑ ይሰጠኛል እኮ። እሱማ በርገር ካልሆነ አይሆንለትም። አልነገረሽም እንዴ?"

አልነገራትም። ፅጌ ማማሰያውን አስቀመጠች። ለዚህ ነው በዚያ እግሯ የቆመችው፤ ሳህኑን ደስ እያላት ያጠበችው ለዚህ ነው። ቶማስ ቢጠግብ አይከፋትም፣ ልጁን ትወደዋለች። ግን ሰው የሚስቱን ምግብ አፉ ሳያደርስ "የሚስቴ ምግብ አወፈረኝ" ይላል? ምን ዓይነት ሰው ነው?

"ነገ እቀርባለሁ" አለቻት ለሣህሊቱ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዓለምሰገድ ስልኩን መቆሚያው ላይ ሰካ፣ ሶፋውን አስተካከለ፣ ለእሷም "ነጭ ልበሺ፣ ያምራል" አላት። የቤት ቀሚሷን ሳትለውጥ መጥታ ተቀመጠች።

"ሰላም ቤተሰብ! ይኸው እንደ ቃሌ!" አለ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ ይወርዳል፤ "ዘይቱን ቀንሺ"፣ "ሰውየውን ማሪው"፣ "መጣች ገዳይዋ"። "ከዛሬ ጀምሮ ፅጌ ቤት ውስጥ ምግቡን ቀለል ታደርግልኛለች። አይደል ፅጌዬ? ቃል ግቢላቸው እስቲ።"

"ቃል ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች።

"ጠይቂ፣ ጠይቂ!"

"ባለፈው ረቡዕ ምን ሠርቼ አስያዝኩህ?"

ዓለምሰገድ ሳቀ። ሳቁ ትንሽ ረዘመ። "ረቡዕ... ረቡዕ እንኳን ጤነኛ ነገር ነው የሠራሽልኝ። እሱን አልክድም። ዶሮ ነበር፤ የዶሮ ደረት፣ ያለ ዘይት ጥብስ ያደረግሽው!"

  የሚወርደው ጽሑፍ ለአንድ አፍታ ቆም አለ፣ ከዚያ ፈነዳ። "ረቡዕ???" "ዶሮ በረቡዕ?" "በጾም ቀን ነው ዶሮ የምትበላው አንተ ሰው?" "እሷ እኮ የምትሠራበት ቤት ራሱ ረቡዕ የጾም ነው!" ዓለምሰገድ የተናገረውን የሰማው ያኔ ነው። 

"ማለቴ ሐሙስ... ቀኑ ተምታቶብኝ..."

"ረቡዕ የሠራሁልህ ጎመንና ድንች ነው" አለች ፅጌ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ሐሙስ ምስር፣ ዓርብ ሽሮ። ክዳኑን ከፍተህ ስላላየኸው አታውቀውም። እዚህ አገር ስኖር በረቡዕ ሥጋ አብስዬ አላውቅም፤ ይህን ፌርፋክስ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አንተ ብቻ ጠፋህ። የሚበላውን እንኳ ለማያውቅ ሰው ነው እኔን ስትሰድቡ የከረማችሁት።" የመጨረሻውን ለስልኩ ነው የተናገረችው።

ከዚያ በኋላ የወረደውን ስድብ ሁሉ እሱ ተቀበለው። "ይቅርታ ፅጌ"፣ "አፉ በይን እህታችን" የሚለውም በዛ። ዓለምሰገድ "ኔትወርኩ ተበላሸ" ብሎ ስልኩን አጠፋው።

 አቀርቅሮ ሲቀመጥ ለቅጽበት አሳዘናት፤ ትልቅ ሰው ሲዋረድ ደስ አይልም፣ ባል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መልሶ ስልኩን ሲከፍት፣ ሲያነብ ቆየ። ቀስ ብሎ "ፅጌ" አለ። አሁን ያን የለመነችውን ቃል ሊለው ነው ብላ አሰበች። እንዲያውም ይቅር ልትለው ልቧ ዝግጁ ነበር።

"ሰው እኮ ጎርፏል!" አለ፤ ፊቱ በርቷል። "ቻናሉ ከተከፈተ እንዲህ ታይቶ አያውቅም! ሶ፣ በየእሁዱ ብናደርገውስ? አንቺ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ እሳሳታለሁ።"

ቱግ አለች። ከሶፋው ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

"ዓለምሰገድ፣ ስማኝ። ሰው ያለውን አየሁ፤ እኔ ያላገባሁት ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ። ያገባሁት ግን እስካሁን አልተነፈሰም። 'ያወፈረኝ ፅጌ አይደለችም' በል። አሁን፣ እዚሁ። እኔና አንተ ብቻ ነን።"

ዓለምሰገድ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለ፤ አፉንም ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ መቆሚያው ዞረ።

"ቆይ" አለ እጁን እየዘረጋ፣ "ላይቭ ልክፈተውና ልበለው። እንዲሁ ከሚባክን።"

ፅጌ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቁጣዋ እንኳ ትቷት የሄደ መሰላት፤ የቀረው ድካም ነበር። ሰኞ ማታ ከሥራ ስትመለስ ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ ሠራች፤ እንደምትወደው ዘይቱን ጠገብ አድርጋ። ቁጭ ብላ በላችና ድስቱን አጥባ ተኛች።