ማንም እንዳይነካት የተባለች ብሎን

የታክሲ ሾፌሮቹ ለሴትዮዋ «አትቆሜ» የሚል ስም ያወጡላት በክፋት አልነበረም። መኪናዋ ስትሄድ ደህና ናት፤ ሴትዮዋ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ካነሳች ግን ሞተሩ ትንሽ ያቃስትና ጸጥ ይላል። ስለዚህ በእግር ጣቶቿ ፍሬን፣ በተረከዟ ነዳጅ እየረገጠች ታዘግማለች እንጂ አትቆምም። ተሳፋሪ ሲወርድም «ቶሎ በል ወንድሜ፣ ትንፋሿ እግሬ ላይ ነው» ትላለች።

መኪናዋ የባሏ ነበረች። እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ቤት ተቀምጣ የሰው እጅ ከማየት ብላ መሪውን ያዘች። ይህ ለባሏ ታናሽ ወንድም አልተዋጠለትም።

«እትዬ፣ ሚኒሞ መያዝ፣ ቆማ መሥራት ያቃታት መኪና ምን ትሠራልሻለች? ብረት ናት። ለመለዋወጫ የሚፈልጋት ገዢ አግኝቻለሁ።»

«ወንድምህን ስታበላ፣ አንተን ስታስተምር ብረት መሆኗን አልነገርከንም።»

«እሺ፣ ቅዳሜ ገዢው ፊት ቆማ ትሥራ። ካልጠፋች ሁለተኛ ስለሽያጭ አላነሳም።»

«አፍህ ፍሬን ካለው ይሁን። ከጠፋች ቁልፉን ውሰድ» አለችው።

ጋራዥ ሁሉ መልሷታል፤ ጥፋቱም የራሷ ነበር። ሞተሩ ላይ ባሏ በነጭ ቀለም ምልክት ያደረገባት ትንሽ ብሎን አለች። ሚኒሞው በወረደ ቁጥር እሷን ጠበቅ ያደርግና «አሁን ልኳን አገኘች» ይል ነበር። ቤት ውስጥ መላጫው መስኮቱ ላይ፣ ጃኬቱ ምስማሩ ላይ እንዳለ ሁሉ ብሎኗም እሱ በተዋት ቦታ ነበረች። «ሌላውን ፍታ፣ እሷን እንዳትነካ» ስትል መካኒኮቹ ይስቁባታል።

አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን አልሳቀባትም።

«እህቴ፣ እግርሽን ስታነሺ የሞተሩ አፍ ይዘጋል» አላት። «ያኔ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው፣ በዚች በጎን ቀዳዳ። አየሩን የምትመጥነው ቫልቭ ይቺ ናት፤ በጥላሸት ተደፍናለች። ባለቤትሽ አፍንጫውን ሳይጠርግ አፉን በብሎን ከፈት አድርጎ ይዞለት ኖሯል። ጥላሸቱ ግን መጨመሩን አልተወም፤ አሁን ብሎኗም አልበቃችም።»

«ባሌ አያውቅም ነው የምትለኝ?»

«ባልሽ ይወዳታል ነው የምልሽ። ማወቅ ሌላ ነው።»

ደሟ ፈላ። ኮፈኑን ዘግታ ልትሄድ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ግን እዚያው ቀረ። ባሏ የራሱንም ሕመም እንዲሁ ነበር ያደረገው። ማስታገሻ እየዋጠ፣ «ደህና ነኝ» እያለ፣ ሐኪም ቤት ሳይሄድ።

«ፍታት» አለች።

ቫልቯ ወጣች። እንደ ከሰል ጠቁራለች። በቤንዚንና በብሩሽ ታጥባ ቦታዋ ስትገባ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ግን ጮኸ፣ ጋራዡን አናጋው። አሁን አፉም አፍንጫውም ክፍት ነው።

«ብሎኗ ተመልሳ ካልላላች አይበርድም» አለ መካኒኩ። «ልንካት?»

«ማንም አይነካትም!» ካቻቢቴውን ከእጁ ነጥቃ ራሷ አላላቻት። ነጩ ምልክት ከቦታው ዞረ። ጩኸቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ረጋ። «ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ አደከምካት» አለች ለሌለው ሰው፤ እንባዋንም በዘይታም እጇ ጠረገች።

ቅዳሜ ቤቷ በር ላይ ቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ እጇን አጣመረች። የባሏ ወንድም ከገዢው ጎን ቆሞ ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ። አልጠፋችም። ጎንበስ ብሎ ትጠፋ እንደሆነ ብሎ መብራቱንና ማራገቢያውን ከፈተባት፤ ሞተሩ ዝቅ አለና መልሶ ቀና አለ።

ገዢው ኮፈኑን ዳበስ አድርጎ «ይቺማ ለመለዋወጫ አትታረድም» አለ።

«ዛሬ ነው ይሄ» አለ የባሏ ወንድም። «ነገ ትጠፋለች።»

«ነገ ብትጠፋ እኔ አለሁ። አሁን ወይ ግባና ላድርስህ፣ ወይ ከፊቴ ዞር በል፤ ሥራ አለብኝ።»

ዞር አለላት።