ሦስተኛውን ክፍል የዘለልኩባቸው መምህር

የቫዮሊን መምህራችን ሙሴ ዘውገ አስፋቸው በሕመም ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ ባለፈው ወር በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ተወልደው ባደጉበት በጅቡቲ ከተማ አርፈዋል። የፊታችን እሑድ አርባቸው ነው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ ሰብለ ነኝ፤ በስልካችሁ ላይ ከከበሮ ጋር ቫዮሊን ስጫወት የምታዩኝ ሰብለ። «እሷ ደግሞ በምን አፏ ስለሳቸው ትጽፋለች?» የምትሉ እንዳላችሁ አላጣሁትም፤ ለቅሶው ቤትም ጆሮዬ ገብቷል። እሱም ቢሆን አንብባችሁ ፍረዱኝ።

አባታቸው በባቡሩ ዘመን እዚህ የመጡ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ቀን ቀን በየሆቴሉና በውጭ አገር ሰዎች ቤት ያሉትን ፒያኖዎች ይቃኙ ነበር። የባሕሩ ጨው ሽቦውን ስለሚበላው በዚህ ከተማ ሥራ ፈትተው አያውቁም። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ልጆችን ቫዮሊን ያስተምሩ ነበር። «ሙሴ» የምንላቸው ፈረንሳዮቹ «መስየ» የሚሉትን ወስደን ነው፤ እኛ ቤት ግን እሳቸውን ብቻ ነበር እንዲያ የምንጠራው።

እናቴ በአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። ሙሴ ዘውገ የዚያን ቤት ፒያኖ ሊቃኙ መጥተው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተለጥፌ ስሰማ አዩኝ። ለቤቱ እመቤት በፈረንሳይኛ፣ ይህች ልጅ ከእናቷ ጋር ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እንድትወጣ ይፈቀድላት አሏቸው። እመቤቲቱ አይሆንም አሉ። ሙሴ መፍቻቸውን ወደ ቦርሳቸው ከተቱና ተነሡ። ፒያኖው ግማሹ የተቃኘ፣ ግማሹ የተፈታ ነበር፤ ማታ ደግሞ እንግዳ ይመጣል። እናቴ፣ አሁን ከሥራ ልባረር ነው ብላ ስትፈራ ትዝ ይለኛል። በሩ ጋ ሲደርሱ እመቤቲቱ «እሺ» ብለው ጠሯቸው። በሕይወታቸው አንድን ነገር በመሃል ያቋረጡት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያዋን ቫዮሊንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ በልጅነታቸው የተማሩባትን።

ቤታቸው ገብታችሁ የምታውቁ ልማዳቸውን አትረሱትም። ዓርብ ከትምህርቱ በኋላ አንድ ተማሪ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ሥራ ይጫወታል፤ ጎረቤት ይሰማል። ማራገቢያው ድምፅ አለው ተብሎ ይጠፋል። በሐምሌ ሙቀት። በሥራው ክፍሎች መካከል የሚያጨበጭብ የለም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሐሊማ ሶማሊኛ እንጂ አማርኛ ባይሰሙም ዓይናቸውን ከሙሴ እጅ አያነሡም ነበር፤ ሥራው አልቆ እጃቸው ሲወርድ ከሁላችንም ቀድመው የሚያጨበጭቡት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ በመሃል ክር ተበጠሰብኝ። አልቅሼ ልሮጥ ስል፣ «ተቀመጪ፤ ሰዎቹም አልሄዱም» አሉኝ። ክሩን እስኪለውጡ ሁሉም ላቡን እየጠረገ ጠበቀኝ። ጨረስኩት።

በኋላ ደብዳቤ ጽፈው፣ ሰው ለምነው፣ አውሮፓ ላኩኝ። እዚያ ያለውን ነገር እናንተ አላያችሁትም። ለአንድ የኦርኬስትራ ወንበር የሚሰለፈውን ሰው፣ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ተጫውቶ «እናመሰግናለን» ተብሎ መሸኘትን። ይህን ስንት ዓመት ቻልኩት። አንድ ቀን ግን ሁሉም የሚያውቃትን ዜማ፣ ያቺን አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጬ፣ ከሥሯ ከበሮ አስገብቼ ለቀቅኳት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሰው ትኬት ተሻማ፣ ኩባንያ መጣ፣ እናቴ ከሰው ቤት ወጣች። በዚህ የማፍር ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል።

ምኒልክ አደባባይ ባለው ካፌ የተቀመጡ ጎረምሶች ቪዲዮውን ለሙሴ አሳይተዋቸው ነበር አሉ። እስከ መጨረሻው አይተው፣ «ቀጣዩስ?» ብለው ጠየቁ። ይኸው ነው፣ አለቀ አሏቸው። ስልኩን መልሰው ሻያቸውን ጠጡ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ባሕሩ ዳር ባለው ትልቁ ሆቴል ኮንሰርት ተዘጋጀልኝ። ሙሴን በፒያኖ ያጅቡኝ ብዬ ለመንኳቸው። የተስማማነው በመጀመሪያ ለቫዮሊንና ለፒያኖ የተጻፈ ባለ ሦስት ክፍል ሶናታ ሙሉውን አብረን እንድንጫወት፣ የኔን ነገር ከዚያ በኋላ እንዳደርግ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው ሁለት ወር ሙሉ ተለማመዱ። የትልቁን የኮንሰርት ጉዞ ውል የሚፈርሙት ሰዎች የፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ውሌ በዚያ ምሽት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አንደኛው ክፍል በደህና አለፈ። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው። ስልኮች ይበሩ ጀመር፤ ኋላ ያሉት ተነሥተው መውጣት ያዙ፤ የፊት ወንበሩ ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ማናጀሬ ከመድረኩ ጥግ ሆና በእጇ ቁረጪው አለችኝ። ሁለተኛው ሲያልቅ ሙሴ ገጹን ገለጡና ለሦስተኛው እጃቸውን አነሡ። እኔ ዞር ብዬ ለድምፅ ባለሙያው ራሴን ነቀነቅኩ። ከበሮው ከስፒከሩ ወጣ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ጮኸ።

ሙሴ አልተነሡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰዉ ሁሉ እያያቸው፣ እስከ መጨረሻው ቁጭ አሉ። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ሦስተኛውን ክፍል ምን አደረግሽው?»

«ሰው እየወጣ ነበር እኮ ሙሴ። ለባዶ ወንበር ልጫወት?»

«ለተቀመጠው ነበራ» አሉኝ።

በመኪና ልሸኝዎት ብል እምቢ ብለው ወደ ሰፈራቸው በሚሄደው የቡላኦስ ሚኒባስ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሰው ስለኔ ሲጠይቃቸው «አስተምሬያታለሁ፤ ተማሪዬ ግን አይደለችም» ይሉ ነበር። ደርሶኛል። ስደውል ያነሣሉ፣ የእናቴን ጤና ይጠይቃሉ፣ ይዘጋሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

መታመማቸውን ስሰማ መጣሁ። እህታቸው እትዬ ወርቅነሽ አስገቡኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የገባሁት፤ ከስተው ሳያቸው ደነገጥኩና ክርክር ጀመርኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የትልልቆቹ አዳራሾች ወንበር በሽማግሌ ብቻ ነው የሚሞላው፣ ወጣት የሚመጣው በዚያች አንድ ደቂቃ ነው አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አምስት አዲስ ልጆች መጥተዋል» አሉ። «አምስቱም ያንቺን አይተው ነው።»

ደስ ሊለኝ ሲል ቀደሙኝ።

«ያቺን አንድ ደቂቃ ሲችሉ ይሄዳሉ። ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ፤ ማስቀመጥም ያንቺ ነው። የዓርቡን ትምህርት ትይዢልኛለሽ?»

የዘንድሮው የኮንሰርት ጉዞዬ ሊጀመር ሁለት ወር አልቀረውም፤ ዓርብን ከያዝኩ ጉዞው የለም። «እስቲ ልየው» አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ማናጀሬ አሁን ካልመጣሽ ስምሽ ይቀዘቅዛል ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከቀብሩ በኋላ ባለው ዓርብ እትዬ ወርቅነሽ ቤቱን ከፈቱልኝ፤ ልጆቹ ቫዮሊናቸውን ታቅፈው መጡ። አንደኛዋ፣ «የከበሮውን ታስተምሪናለሽ አይደል?» አለችኝ። ቀኑን በቅኝት ብቻ አሳለፍነው።

ሙሴ፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ነው የማወራው። በሁሉ አልስማማዎትም። ያ አዳራሽ በውሸት አልተደሰተም፤ ይህን ቢቆጡም እላለሁ። ግን እጅዎን አንሥተው እየጠበቁኝ፣ በሰው ፊት ጥዬዎት ሄድኩ። አልጋዎ አጠገብ ቆሜ ይህን አንድ ነገር መናገር አቃተኝ፤ ያንገበግበኛል። ይቅር ይበሉኝ። ተማሪዬ አይደለችም ያሉትን ከእንግዲህ የሚሽርልኝ የለም፤ ይዤው እኖራለሁ። ትናንት ለማናጀሬ ደውዬ ጉዞውን ትቼዋለሁ አልኳት። ዘጋችብኝ። ማስተማር አላውቅበትም፣ ልጆቹም ይሄዱብኛል ብዬ እፈራለሁ። ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። የዓርቡን ትምህርት ትይዢልኛለሽ ወይ ብለውኝ ነበር፤ ዘግይቻለሁ፣ ግን እይዝልዎታለሁ።